ወደ ግራ ብቻ የምትዞር ውሻ

በእኛ በቢቸና ውሻ ሥራ አለው፤ ደጅ ያድራል፣ ሌባና ጅብ ሲመጣ ይጮሃል። ሥራ ፈት ውሻ አይተን አናውቅም ነበር፤ የአክስቴ የእትዬ የሺ ሎሚ እስክትመጣ ድረስ። ሎሚ ከአዲስ አበባ በካርቶን የመጣች፣ ሶፋ ላይ የምትተኛ፣ ጭንቅላቷ ከስሟ ብዙም የማይበልጥ ነጭ ውሻ ናት። አክስቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ «ደህና አደርሽ?» የሚሉት ሌላ ነፍስ ቤታቸው የለም።

አንድ ጠዋት ሎሚ ግቢውን ትዞር ጀመር። ወደ ግራ፤ ደግሞም ወደ ግራ። ጎረቤታችን አቶ ይልቃል ዱላቸውን ይዘው ደረሱና «እትዬ የሺ፣ አብዳለች! ሰው ሳትነክስ እንገላግላት» አሉ። አክስቴ ፊታቸው ቆመው አላሳልፍ አሏቸው።

መቼም ያበደ ውሻ ውሃ ይፈራል፤ ይህን የማያውቅ በሰፈራችን የለም። ስለዚህ ውሃ በጣሳ ግቢው መካከል ተቀመጠ፤ ችሎቱም ተሰየመ። ሎሚ ጣሳውን እያየች ዞረችው፣ ዞረችው፣ አልነካችውም። «ፈራች!» አሉ አቶ ይልቃል። ዱላው ከፍ አለ።

የቅኔ መምህሩ የኔታ ግን አቧራው ላይ የሠራችውን ክብ ሲመለከቱ ቆይተው ኖሮ፣ «እስቲ ታገሥ» ብለው ጣሳውን በመቋሚያቸው ገፍተው ክቡ ላይ አደረሱት። ሎሚ ዞራ መጣች፤ ቆመች፤ ጠጣች። ለካ የምትፈልገው መሃል፣ መንገዷ ዳር ሆኖባት ነው! ስንቶቻችን እንዲህ ስንዞር «አልፈለገም» ተብለን ይሆን?

የከተማችን የእንስሳት ሐኪም ለከብት ክትባት ገጠር ወጥቶ ስለነበር፣ በቅርጫት ይዘናት ሞጣ ሄድን። የሞጣው ሐኪም ውሃ መጠጣቷ ምንም ማስረጃ እንደማይሆን ነግሮ መጀመሪያ አዋረደን። የክትባት ካርዷን አየ፤ ለጥንቃቄ አስር ቀን ታስራ ትቆይ አለ። ከዚያ፣ የአንጎል ብግነት ሳይሆን አይቀርም፣ እንዲህ ያሉ ትናንሽ ዝርያዎችን ይወዳል አለን። የገዛ ሰውነቷ ዘበኞች አንጎሏን ባዕድ መስሏቸው ያጠቁታል፤ ለምን እንደሆነ በውል የሚያውቅ የለም። የሰጠን ክኒን ዕድሜ ሊጨምርላት ይችላል፤ ፈጽሞ ይፈውሳታል ግን አላለም።

ይህን ለየኔታ ስነግራቸው፣ «ሥራ ፈት ያልናት ውሻ፣ በዚያች ጭንቅላቷ ስንት ዘበኛ ኖሯታል!» አሉ።

አስሩ ቀን አለፈ። ክቡ እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄዶ አንድ ቀን ሎሚ ቀጥ ብላ ወደ አክስቴ መጣች።

አቶ ይልቃል ዛሬም ከነዱላቸው በየጠዋቱ አክስቴ ደጅ ይቀመጣሉ፤ የሰፈሩ ውሾች ሎሚን እንዳይነክሷት። በቢቸና ውሻ ሥራ አለው አላልኋችሁም? የእኛዋ ደግሞ ሥራ ቀጣሪ ናት።