ዓሦቼን «አፈር ስሆን ብሉ» ያልኩበት ላይቭ

ጎበዝ፣ ዛሬ ራሴን በራሴ ላይቭ አዋረድኩ! ያያችሁ አያችሁ፤ ላላያችሁ ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ።

አዲሶች ካላችሁ፣ የምኖረው ደባርቅ ነው። አዎ፣ ያ ብርዳሙ ደባርቅ! ሳሎኔ ውስጥ ደግሞ የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ። ባለቤቴ «ሰው በግ ያረባል» ይለኛል።

እስከ ዛሬ እዚያ ውስጥ የነበረው አንድ ቢጫ ዓሣ ነው። ስሙ ጋሼ። ጓደኛው ከሞተችበት ወዲህ ጥግ ይዞ ቀርቷል።

ጋሼ የኔ ይምሰላችሁ እንጂ የአማቴ ነው። እትዬ ዘውዴ ባላቸው ካረፉ በኋላ ከጃናሞራ መጥተው እኛ ጋ ነው የሚኖሩት። ከሰው ብዙም አያወሩም። ጠዋት ወንበራቸውን አኳሪየሙ አጠገብ ያደርጉና ከጋሼ ጋር ይጫወታሉ። «እኔና አንተ ብቻችንን ቀረን» ሲሉት ሰማሁ።

ለዚህ ነው ከአዲስ አበባ ጥንድ ዓሣ ያስመጣሁት። ብርቱካንማ፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ፣ ሲያምሩ! ጎንደር ሄጄ ተቀበልኩና ላስቲካቸውን በጋቢ ጠቅልዬ ታቅፌ መጣሁ። ዳባት ላይ የሚኒባሱ ረዳት «እህቴ፣ ሕፃኑን አየር ስጪው እንጂ!» ብሎ ተቆጣኝ።

ቤት ስደርስ ኤክስፐርት ሆንኩ። ቀስ በቀስ ከውሃው ጋር አላመድኳቸው፣ መብራቱን ቀነስኩ፣ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ላይቭ ከፈትኩ። ከዚያ አዋጅ! «ዛሬ ማንም ምግብ እንዳይሰጣቸው! አዲስ ዓሣ በመጀመሪያው ቀን አይበላም፤ የተረፈው ውሃውን ይመርዘዋል!»

እትዬ ዘውዴ ደነገጡ። «እንግዳ፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ ጦሙን ይደር?»

«ሳይንስ ነው እትዬ!» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

ከሰዓት በኋላ ውሃው አጥሚት መሰለ። አዲሶቹ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ጋሼ በጎኑ ተጋድሟል።

ደሜ ፈላ። ዓሣ ልታይ የመጣች ጎረቤት ፊት «እትዬ! አይስጧቸው አላልኩም? ገደሏቸው እኮ!» ብዬ ጮኽኩ።

እሳቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ጓዳ ገቡ።

ያኔ ስልኬን አየሁት። ላይቩን ረስቼዋለሁ!

«እህቴ፣ መጀመሪያ የገዛ እጅሽን ጠይቂ» ይላል አንዱ ኮመንት። «ራሷ አብልታ እናትየው ላይ!» ይላል ሌላው።

ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለስኩት። አምባሬን ያደረገ እጅ ምግብ ቆንጠር አድርጎ ይበትናል። ዓሦቹ ድንጋይ ሥር ተደብቀው እንቢ። ከዚያ የገዛ ድምፄ፦ «በሞቴ! አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!» ደግሞ ቆንጠር። ደግሞ! ደግሞ!

እኔ እኮ አንድ ቁንጥር ብቻ የሰጠሁ መስሎኝ ነው፤ የቀረውን እሳቸው ላይ አላከክሁ። ለእንግዳ ያቀረባችሁት ሳይነካ ሲቀር የማይጨንቃችሁ ካላችሁ ፍረዱብኝ።

ቀጥሎ የባለቤቴ እጅ መጣ። እሱም በድብቅ!

መጨረሻ ላይ እትዬ ዘውዴ መጡ። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አድርገው ጎንበስ አሉ። «አይዟችሁ ልጆቼ፣ ዛሬን ታገሡ። እሷ ታውቃለች።»

ምንም አልሰጡም። ከቤቱ ሰው ሁሉ አዋጄን ያከበሩት እሳቸው ብቻ!

ጓዳ ገብቼ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ፣ እያለቀስኩ። «ይቅር ለእግዚአብሔር። አሁን ተነሺና ውሃቸውን ቀይሪ» አሉኝ። በጄሪካን ያዘጋጀሁትን የጨው ውሃ ባለቤቴ እየተሸከመ፣ እኔ እየገለበጥኩ፣ እሳቸው «ቀስ! ቀስ!» እያሉ ቀየርነው።

ሲመሻሽ ጋሼ ቀና አለ። አዲሶቹ ከላይ ወርደው አጠገቡ ቆሙ፤ አልነካቸውም። እትዬ ወንበራቸውን አስጠጉና «ጋሼ፣ እንግዳ መጣልህ» አሉት።

የምግቡ ቆርቆሮ? እሳቸው ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ነው። ከነገ ጀምሮ ለገዛ ዓሦቼ ቁርስ ላስፈቅድ ነው። እኔ፣ ኤክስፐርቷ!

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ እናንተ ብትሆኑ ቁልፉን ለኔ ትሰጡኝ ነበር?