ስሟን ያወጣላት ፖሊስ

ናፍቆት የሩቅ አገር ጉዳይ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ባሕር ካልተሻገሩ፣ ድንበር ካላቋረጡ፣ ቢያንስ ፓስፖርታቸው ላይ አንድ ማኅተም ካልተመታ ናፍቆት ተብሎ የማይቆጠርላቸው ሰዎች አውቃለሁ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የሩቁን ሰው መናፈቅ ቀላል ነው። ስልክ አለ፣ ቪዲዮ አለ፣ ወሬው ሲያልቅም «ኔትወርኩ ነው» ብሎ መዝጋት አለ። አስቸጋሪው በአውቶቡስ አሥር ደቂቃ የሚርቀውን ሰው መናፈቅ ነው። ለዚህኛው ምን ሰበብ ይፈጠርለታል? እኔ የምኖረው እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዛይን የሚባለው ሰፈር ነው፤ እሱ ሮቫ ሄ። ይባስ ብሎ ሥራዬ አውቶቡስ መንዳት ስለሆነ በቀን ስድስት ጊዜ በደጁ አልፋለሁ። ስድስት ጊዜም ተሳፋሪዎቼ ሳያውቁብኝ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን በረንዳ ቀና ብዬ አያለሁ። አንዳንድ ቀን የተሰጣ ሸሚዝ ይታየኛል። ሸሚዝ ካለ ሰውየውም አለ እላለሁና ነዳጁን እረግጣለሁ።

የሚናፍቀኝ ሰው ፖሊስ ነው።

ይህን ጮክ ብዬ ብናገር እኛ ሰፈር ምን እንደምባል አውቃለሁ። ከኢትዮጵያ በመጣነው ሰዎች ዘንድ ፖሊስ ይፈራል፣ ይረገማል፣ አልፎ አልፎም ሰልፍ ይወጣበታል፤ ፖሊስ ናፈቀኝ ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ስለዚህ ከመፍረዳችሁ በፊት ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ጌታሁን ይባላል። እዚህ አገር የገባን ዕለት አንዲት ጸሐፊ ስሙ ረዘመባትና «ጋዲ» ብላ ጻፈችው፤ እሱም አልተከራከረም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ሆነን ከአዲስ አበባ በአንድ አውሮፕላን ነው የመጣነው። ወንበሩ ተነቅሎ ስለነበር ወለሉ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ እሱ ትከሻዬን ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው፣ እኔ እንዳይነቃ ብዬ ሳልንቀሳቀስ አገር ገባሁ። ከዚያ ወዲያ አንድ መጠለያ፣ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ አንድ የጦር ክፍል። ከውትድርና ስንወጣ እኔ አውቶቡስ ያዝኩ፣ እሱ ፖሊስ ሆነ። ያን ጊዜ ያልተቆጣው ዘመድ አልነበረም። «አንድ የኛ ሰው እዚያ ውስጥ ቢኖር ይሻላል» ይል ነበር ሲመልስላቸው። እኔ አጨበጨብኩለት። እውነቴን ነው፤ እጄ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩለት።

ሚስቴ ሁለት ቀን ሙሉ አምጣ ስትገላገል ከእኔ ቀድሞ ሆስፒታል የተገኘው እሱ ነበር፤ እኔ መንገድ ላይ አውቶቡስ ተበላሽቶብኝ ቆሜያለሁ። ሕፃኗ ኮሪደሩን በጩኸት ስትሞላው ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ «ይቺማ ዘፋኝ ናት» አለ። ልጄን ሺራ ያልናት በዚህ ምክንያት ነው። በዕብራይስጥ መዝሙር ማለት ነው።

ሺራ አደገችና ነርስነት ልትማር ኮሌጅ ገባች። ከሰዓት በኋላ ወደ ኮሌጁ አካባቢ ብቅ ብትሉ ተማሪው ሣሩ ላይ ተጋድሞ ታገኙታላችሁ፤ ከወደቡ በኩል የሚመጣው ነፋስም ጢሱን እስከ ፌርማታው ድረስ ያደርስላችኋል። የማወራው ስለ ሐሺሽ ነው። አትደንግጡ። እኛ ሕንፃ ውስጥ እንኳ አራተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ መምህር ማታ ማታ በረንዳቸው ላይ ሲለኩሱ ሽታው ሳሎናችን ድረስ ወርዶ ከእኛ ጋር ዜና ያያል። ሰውየውን ማንም ነክቷቸው አያውቅም። እኔም አልነካቸውም፤ ሰላምታቸው ጥሩ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ሺራ ከፈተና ወጥታ ከሁለት የክፍል ጓደኞቿ ጋር ከኮሌጁ ጀርባ ካለው መናፈሻ ቁጭ አለች። አንዷ ዳና ናት፣ ሌላው ኖአም። ሦስቱም እዚሁ አገር ተወልደው፣ እዚሁ ከተማ ያደጉ ናቸው፤ ልዩነታቸው የኔዋ ጥቁር መሆኗ ብቻ ነው። ኖአም የተጠቀለለ ሐሺሽ ከኪሱ አውጥቶ ለኮሰ፣ ዙሩም ተጀመረ። ልጄ ጻድቅ ናት አልላችሁም። «ስበሻል?» ብዬ ስጠይቃት «ሁለቴ፣ አባ» ብላ ነው የመለሰችልኝ። ዳና ሦስቴ። የኖአም አልተቆጠረም።

የፖሊስ መኪና መጥቶ ሲቆም ሐሺሹ ኖአም እጅ ላይ ነበር። ከመኪናው አንድ ወጣት መኮንንና ጌታሁን ወረዱ። ሺራ ፊቱን ስታይ የደነገጠ ልቧ ተመለሰላት። «ዶድ ጋዲ!» አለችው፤ ዶድ አጎት ማለት ነው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራው እንደዚህ ነው። እሱ እንዳላየ ሆነ። ወጣቱ መኮንን ኖአምን «አጥፋውና ወደ ቤትህ ሂድ» አለው። ዳናንም «አንቺም» አላት። ጌታሁን ግን ሺራ ፊት መጥቶ ቆመና መታወቂያ ጠየቃት። ቦርሳዋንም እንድትዘረግፍ አዘዛት። ደብተሯ፣ የምሳ ዕቃዋ፣ የፀጉር ማስያዣዋ፣ ለእናቷ የገዛችው የራስ ምታት ኪኒን ሣሩ ላይ ተበተነ። ከዚያ ብዕሩን አወጣና በዕብራይስጥ፣

«ስም?» አላት።

ስሟን ያወጣላት ሰው ስሟን ጠየቃት።

ሺራ ስሟን አልተናገረችም። «ለምን እኔን ብቻ?» አለች። መልስ ስታጣ ደገመችው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቅ ድምፅዋ ከፍ ብሎ ስለነበር ወጣቱ መኮንን መጣና «ፖሊስን በሥራው ላይ በማደናቀፍ» ብሎ መኪናው ውስጥ አስገባት። በኋላ ጠበቃዋ እንዳስረዳችኝ ነገሩ የሐሺሹ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የመጀመሪያዋ ስለሆነ፣ የቅጣት ወረቀት ተቀብላ ትሄድ ነበር። ቲክ ያስከፈተባት፣ ማለትም የወንጀል መዝገብ፣ ጥያቄዋ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚያሰክር እዚህ አገር ገና አልተወሰነም።

ስልክ ተደውሎልኝ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ጣቢያ ደረስኩ። ጌታሁን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። እንደ ወትሮው አልተሳሳምንም።

«ስማቸው፣ ስማኝ» አለኝ ስሜን ጠርቶ በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አብሮኝ ያለው ልጅ አለቃዬ ነው። ዶድ ብላ ስትጠራኝ ሰምቷል። ዝም ብላት ኖሮ የራሱን ሰው ለቀቀ ይሉኝ ነበር።»

«ሁለቱ ሲለቀቁስ? የማንን ሰው ለቀቃችሁ ተባላችሁ?»

 

«አንተ አይገባህም» አለኝ። «አንተ አውቶቡስ ነው የምትነዳው።»

«አዎ» አልኩት፤ «የመጣውን ሁሉ አሳፍራለሁ።»

ያን ቀን በዚህ መልሴ ኮርቼ ነበር። በዋስ የለቀቁልኝን ሺራን ይዤ ቤት ስገባም ለሚስቴ ሁለት ጊዜ ነገርኳት። ጥሩ መልስ ሠላሳ ምናምን ዓመት ያቆዩትን ሰው በአንድ አፍታ እንደሚያሳጣ ማን ነገረኝ? ትንሽ ብንተባተብ፣ ትንሽ ብሰድበው፣ እሱም ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። የተሰዳደበ ሰው ይታረቃል። እኔ ግን አፉን አዘጋሁት፤ አፉም እንደተዘጋ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ኖአም ቤታችን መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ በዚህኛው ጊዜ ከልቅሶ ነው። «የኔ ነበር፣ ሄጄ እናገራለሁ» አለ፣ ሄደም። ጣቢያው ውስጥ ተረኛውን «ሐሺሹ የኔ ነው፣ እጄ ላይ ነበር፣ እኔን ክሰሱኝ» አለው። ተረኛውም ከላይ እስከ ታች አየውና «ሐቀኛ ልጅ ነህ፤ አሁን ሂድና ለፈተናህ አጥና» ብሎ ሸኘው። ልጁ አምኖ እንኳ መታሰር አቃተው! ይህን ተመልሶ ሲነግረን ሺራ ከታሰረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቁ ግን መሃል ላይ ተበላሸባትና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ቀጥሎ መጠበቅ መጣ። የነርስ ተማሪ ሆስፒታል ገብታ ልምምድ ለማድረግ ከፖሊስ ነፃ መሆኗን የሚገልጽ ወረቀት ያስፈልጋታል፤ ሺራ ያ ወረቀት አልነበራትም። ዳናና ኖአም ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ሲሄዱ የእሷ ታጥፎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። እናቷ በየሳምንቱ እያወጣች ትተኩሰዋለች። ማንም ያልለበሰው ልብስ ምኑ ይተኮሳል አልኳት አንድ ቀን። ልብሱን ገልብጣ በሌላው በኩል መተኮሷን ቀጠለች፤ እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኳት።

ከስምንት ወር በኋላ መዝገቡ ተዘጋ። ምክንያቱ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፦ «ለሕዝብ የሚያስገኘው ጥቅም ስለሌለ»። የየትኛው ሕዝብ እንደሆነ አላውቅም። በኛ በኩል ያለው ሕዝብ ስምንት ወር ሙሉ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ብቻ እሰየው ብለን ተቀበልን። ጠበቃዋ ግን «ደስ ከማለታችሁ በፊት ይህን አንብቡ» ብላ ከመዝገቡ የወጣች አንዲት የምስክርነት ገጽ ሰጠችኝ። የእጅ ጽሑፉን ገና ሳየው አወቅሁት። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን ከቤት ሥራው ስንት ጊዜ ገልብጫለሁ!

«ሐሺሹ በእጇ አልነበረም» ይላል። «ሦስቱም አጭሰዋል። ሁለቱ ሲሄዱ እሷን ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ያስቀረኋት ስለማውቃት ነው። እንደማውቃት እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ ነው። ለምን እኔን ብቻ ብላ መጠየቋ ማደናቀፍ አይደለም፤ ጥያቄዋ ትክክል ነበር።» ከሥሩ ጋዲ ብሎ አልፈረመም። ጌታሁን ብሎ ነው የፈረመው።

ይህን ከጻፈ በኋላ መኪናውን ነሱት፣ ጠረጴዛ ሰጡት፤ ጥቂት ቆይቶም ጡረታ ውጣ ተባለ። ጠበቃዋ እንደሰማችው ጣቢያው ውስጥ አብሮት ምሳ የሚበላ ሰው ጠፍቶ ነበር። እኛ ሰፈር ደግሞ ቀድሞውኑ ልጃችንን ያሰረ ተብሎ ሰላምታ ተነፍጎታል። እነዚያ ከዳን አሉት፣ እነዚህ ሸጠን አሉት። በመካከል የቀረችለት ሮቫ ሄ ያለችው በረንዳ ብቻ ናት።

ደወልኩ፤ አላነሳም። ሄድኩ፤ ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ «የለም፣ ወንድሜ» አለችኝ፣ መሬት መሬት እያየች። ከጀርባዋ ሳሎን ውስጥ ሲያስል ሰማሁት። እሱም እንደሰማሁት አውቋል። ደረጃውን ስወርድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ምናልባት ይጠራኝ ይሆናል ብዬ። አልጠራኝም። ምን ምኑ ነው የሚናፍቅህ ብትሉኝ ትልቅ ነገር አልነግራችሁም። ዓርብ ጠዋት ወደቡ ዳር ቆመን ተራ የሚጠብቁትን መርከቦች እያየን ምን እንደጫኑ እንገምት ነበር። እሱ ሁልጊዜ «ስንዴ ነው» ይላል። መኪና ጭኖ፣ መኪናው እየታየ፣ ስንዴ ነው ይላል። አሁን ብቻዬን ስሄድ መርከቡ መርከብ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ደጁ ካለው ፌርማታ ላይ ቆሜ በሩን ስከፍት ገባ። ካርዱን አስነካ፣ «ሻሎም» አለ፣ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄዶ ተቀመጠ። በመስተዋቱ አየዋለሁ። ሮቫ ዳሌት ላይ ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ አልወረደም። ገበያው ላይም አልወረደም። ሰው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ የመጨረሻው ፌርማታ ስንደርስ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። ሞተሩን አጠፋሁ። መጥቶ አጠገቤ፣ በሩ ጋ ቆመ።

«ሺራስ?» አለኝ።

«ሆስፒታል ልምምድ ጀመረች። ሕፃናት ክፍል ናት።»

አንገቱን ነቀነቀ። «ወረቀቱን አይተኸዋል?» አለ።

«አይቼዋለሁ።»

«በመጀመሪያው ቀን መጻፍ ነበረብኝ።»

ግድ የለም ልለው እችል ነበር። ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ግድ የለም ነው የሚለው። ግን ስምንት ወር ሙሉ የተተኮሰው ልብስ ትዝ አለኝ።

«አዎ፣ ነበረብህ» አልኩት።

ይህንኑ ሊሰማ የመጣ ይመስል ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ወረደ። «ጌታሁን!» ብዬ ተጣራሁ። «የምመለሰው በዚያው መንገድ ነው፤ ምን በእግርህ ያስኬድሃል?» እጁን ወደ ኋላ አወዛወዘ፤ እሺም እምቢም አይደለም። ከዚያ ፀሐዩ ላይ፣ ጥላ በሌለበት በኩል ሄደ። የመነሻ ሰዓቴ አልፎ አንዲት ተሳፋሪ መስታወቱን እስክታንኳኳ ድረስ ከኋላው ስመለከት ነበር።

ማታ ለሺራ ነገርኳት። ከሆስፒታል ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ትቆጣለች ብዬ ፈራሁ፤ መብቷም ነው። ጫማዋን በእጇ እንደያዘች፣

«ከስቷል?» አለችኝ።

«ትንሽ።»

 ጫማዋን አስቀምጣ፣ እጇን ታጥባ፣ ራቷን አቅርባ ሁለት ሦስቴ ጎረሰች።

«ሌላ ጊዜ ሲሳፈር አታውርደው» አለች። «እዚህ ድረስ ይዘኸው ና።»

ሰውን ያለ ፈቃዱ ይዞ መሄድ ሾፌር ላይ ቲክ እንደሚያስከፍት ከእኛ ቤት የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም እሺ አልኳት።