በርበሬ ወደ ቡሬ

ውጭ አገር መሄድ ቀላል ነው፤ ከባዱ መመለስ ነው። ሲሄዱ ጥያቄ የሚያበዛው ኤምባሲ ብቻ ነው፤ ሲመለሱ ግን የሰፈር ዓይን ሁሉ ሻንጣ ላይ ነው። ደግሞ የእኛ ሰው "ይህን አምጣልኝ" ብሎ በግልጽ አይናገርም። "ምንም እንዳታመጣ፤ ብቻ በደኅና ተመለስ" ነው የሚለው። ይህን አምኖ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ካለ፣ እስካሁን ማን እንደሚያናግረው ባውቅ ደስ ይለኛል።

እኔን "ምንም እንዳታመጣ" ያሉኝ አማቴ ናቸው። እማማ አንጓች ይባላሉ፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ይኖራሉ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ፍኖተ ሰላም በአስተማሪነት ተመድቤ መጣሁና ልጃቸውን ስመኝን አገባሁ። በሁሉ ነገር ተስማምተናል፤ የታማሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በበርበሬ። የእማማ አንጓች ወጥ አፍ ሳይደርስ በአፍንጫ መበላት የሚጀምር ወጥ ነው። በሰርጋችን ማግስት የመጀመሪያዋን ጉርሻ ስውጥ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እሳቸውም ለጎረቤታቸው "ልጁ ጨዋ ነው፤ ምን ያደርጋል፣ ወጥ አይችልም" ማለታቸውን ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ቤት በሄድኩ ቁጥር አልጫ ለብቻ ይሠራልኛል። አልጫው ይጣፍጣል፤ አላማውም። ግን አንድ አባወራ፣ ጺም ያለው ሰው፣ ከሕፃናት ጋር ሲመደብ ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል።

ለአጭር ሥልጠና ቡዳፔስት እንደምሄድ ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። "እንዲያው ከስንቱ አገር መርጠው ቡዳ አገር ይስደዱህ?" አሉ። የከተማ ስም ብቻ መሆኑን ባስረዳቸውም አልተዋጠላቸውም። ሰው ፊት እንዳልበላ አስጠንቅቀው፣ አንገቴ ላይ መስቀል አስረው ሸኙኝ።

ምክራቸውን ለመፈጸም አልተቸገርኩም፤ ሰው ፊትም ሆነ ከሰው ጀርባ የሚበላ ነገር አልነበረኝም። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። ሱፐርማርኬት እገባለሁ፣ ዳቦ አነሣለሁ፣ ከጀርባው ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ በስልኬ አስተረጉማለሁ፤ ወተት አለበት። ብስኩቱ ቅቤ አለበት። የምስር ሾርባው ውስጥ ዶሮ አለች። እስቲ ንገሩኝ፣ ዶሮ ምስር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋት? ጥበቃው እንደኔ እያንዳንዱን ዕቃ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ፣ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ይከተለኝ ነበር። በመጨረሻ ደረቅ ዳቦ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ይዤ እወጣለሁ። ቲማቲሙ በመልክ ቲማቲም ነበር። እሱን ጨው ነስንሼ ስበላ፣ ያ እንባ የሚያስመጣ ወጥ በዓይኔ ይዞር ጀመር። በጤናዬ ነው ብዬ እስክጠራጠር ድረስ ናፈቀኝ።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል ስጦታ ፍለጋ ወጣሁ። ግን ለእማማ አንጓች ምን ይወሰዳል? ማሩ ከቀፏቸው፣ ቅቤው ከላማቸው፣ ጤፉ ከጎተራቸው ነው። ቸኮሌት እንዳልል፣ ቡሬ ሳይደርስ ይቀልጣል። አይብ እንዳልል፣ የፈረንጅ አይብ ሽታው እንኳን አማት ጉምሩክም አይችለው።

እንዲህ ስባዝን አንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ገባሁና ቆሜ ቀረሁ። ያየሁት በርበሬ ነው። ቀይ ዛላ በክር ተሰክቶ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል ተንጠልጥሎ፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። የቡሬ ገበያ ተከትሎኝ የመጣ መሰለኝ። አትሳቁብኝ፤ አለቀስኩ ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ። ሻጯ ትከሻቸው ላይ ሻርፕ ጣል ያደረጉ ወይዘሮ ናቸው። የእኔን ሁኔታ አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ተፈጭቶ በሚያምር ቆርቆሮ የታሸገ አወጡልኝ።

ቡሬ ላይ በርበሬ የሚገዛ ሰው ዛላውን ይሰብራል፣ ያሸታል፣ ፍሬውን ምላሱ ላይ ያደርጋል፣ እስኪበቃው ያስነጥሳል፤ ከዚያ "ይህማ አያቃጥልም" ብሎ ዋጋ ያስቀንሳል። ሥርዓቱ ይኸው ነው። እዚያ ግን የሚሰብርም የሚያስነጥስም የለም፤ ሰዉ ሁሉ ቤተ መጻሕፍት የገባ ይመስል ጸጥ ብሎ ይገዛል። አፈርኩ። የታሸገውን ክፈቱልኝ ማለት ነውር መሰለኝና ቀለሙን አምኜ ገዛሁ። ብቻ ልማድ አይለቅምና በአማርኛ "ይመርቁልኝ እንጂ" አልኳቸው። ምን እንደገባቸው እንጃ፣ ትንሽ የእንጨት ማንኪያ ጣል አደረጉልኝ። በርበሬ ሻጭ የትም በርበሬ ሻጭ ነው ብዬ ወደድኳቸው።

ገና አዲስ አበባ እንደደረስኩ በስልክ በርበሬ ማምጣቴን ለአማቴ ነገርኩ፤ እሳቸው ደግሞ ለአገሩ ሁሉ ነገሩ። ቤታቸው ሄጄ ቆርቆሮውን ሳስረክባቸው ከፈቱት፣ አሸተቱት። በጣታቸው ነክተው ቀመሱት። ቆይተው "ቀለሙ ያምራል" አሉ። ጎጃም ውስጥ ሙሽራ ታይታ "ቀሚሷ ያምራል" ከተባለ ነገሩ አልቋል። እኔም ቀመስኩት። ስኳር አጠገብ ያደረ የመሰለ ነገር ነው። የማያቃጥል በርበሬ፣ ያውም በአውሮፕላን፣ ወደ ቡሬ ጭኜ መጥቻለሁ።

ነገሩ እዚያ ቢቀር ደግ ነበር። ግን ከፋሲካ በኋላ የሚካኤል ማኅበር ተራው የእማማ አንጓች ነበርና፣ ማኅበርተኛው የፈረንጁን በርበሬ ካልቀመስን አለ። እሳቸው ጭንቅ ያዛቸው። በማኅበሩ ስማቸው የቆመው በወጣቸው ነዋ። ለስመኝ "ይህን ለስላሳ ነገር በእጄ ሠርቼ ባቀርብ፣ ከእንግዲህ ማን አንጓች ይለኛል?" ማለታቸውን እሷ ነገረችኝ። ባያቀርቡት ደግሞ አማቻቸው ሰው ፊት ሊዋረድ ነው። በመጨረሻ ሁለት ድስት ዶሮ ወጥ ጣዱ፤ አንዱ በእሳቸው በርበሬ፣ አንዱ በእኔ ጉድ።

የማኅበሩ ዕለት ሁሉም ለወጉ ያህል በፈረንጁ ጀመረ። ማዕዱን የባረኩት መሪጌታ አንዴ ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ መሬቱን እያየሁ ፍርዴን እጠብቃለሁ። መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡና "እስቲ ከእንግዳው ድገሙኝ፤ እንግዳን ማክበር ተገቢ ነው" አሉ። አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌም እንግዳ አክባሪ ሆኑ። ከዚያ ቀጥሎ ያሉትም እንዲሁ። የፈረንጁ ድስት ሲጎድል ሲጎድል፣ የእማማ አንጓች ድስት እንደሞላ ቁጭ አለ። ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው አንደኛው ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ጨጓራቸው ስንት ዘመን እንዳሠቃያቸው ሹክ አሉኝ። ሌላኛውም መጡ። ለካ ማኅበሩ በሙሉ ጨጓራ በሽተኛ ነው። የእማማ አንጓችን ወጥ ሲበሉት የኖሩት በጸሎት ኃይል ነው። ግን ለማን ይነገራል? ቡሬ ተወልዶ በርበሬ አልቻልኩም ማለት እንዴት ተደርጎ?

እኔ ግን ደስ ሊለኝ አልቻለም። እማማ አንጓች ጓዳው በር ላይ ቆመው ያልተነካ ድስታቸውን ያያሉ። በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ማኅበራቸው፣ እኔ ባመጣሁት ቆርቆሮ ተሸነፉ። አንጀቴን በሉት። ምነው ማንኪያዋን ብቻ ባመጣሁ ብዬ ተመኘሁ።

እንግዳው ሁሉ መርቆ ሲሄድ ጓዳ ገባሁና ከእሳቸው ድስት እንዲያወጡልኝ ለመንኩ። አልጫ እንዳለ ነገሩኝ። አይሆንም አልኩ። አወጡልኝ። ጆሮዬ ጋለ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ እንባዬ አገጬ ድረስ ወረደ፤ ቢሆንም ጨረስኩና ጨምሩልኝ አልኩ። እማማ አንጓች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና ፊታቸው እየፈካ መጣ። "በቃህ ልጄ፤ ከዛሬ ወዲያ ማንም ወጥ አይችልም አይልህም" አሉኝ። የእሳቸውም ዓይን እርጥብ ብሎ ነበር።

ከዚያ ተነሥተው በሩን ገርበብ አደረጉት። ስመኝ ደጅ ዕቃ እያጠበች መሆኗን አጮልቀው አዩ። ተመልሰው ቁጭ አሉና የፈረንጁን ድስት ሳብ አድርገው፣ ታቹ ላይ የቀረችውን ወጥ በእንጀራ ይጠርጉ ጀመር። እኔ አየኋቸው፤ እሳቸውም አዩኝ። "ምነው፣ እኔስ ጨጓራ የለኝም?" አሉ። ድስቱ ታጥቦ የተቀመጠ እስኪመስል ድረስ ጠረጉት። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ አበሱና፣ ሰው ከጠየቀህ የተረፈውን ለውሻ ደፋነው በል ብለው አዘዙኝ።

የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ መሪጌታ እንኳ ሁለቴ ጠይቀውኛል። እናንተም ብትጠይቁኝ መልሴ ያው ነው፤ ውሻ ነው የበላው።