ስርዝ ድልዝ የሌለበት ቃለ ጉባኤ

በእኛ አገር ስብሰባ የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው። መጀመሪያ የአቋም መግለጫው ይጻፋል፤ ከዚያ የሚገለጸው አቋም ይፈለጋል፤ ከዚያ አቋሙን የሚይዙት ሰዎች በደብዳቤ ይጠራሉ። ሰዎቹም መጥተው ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ይወያያሉ። ሲጨርሱ ቀድሞ የተጻፈው ይነበብላቸዋል፣ ያጨበጭባሉ፣ ሻይ ይመጣል። ይህን የምለው ማንንም ለማማት እንዳይመስላችሁ። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ሰው ራሱን ሲያማ ሐሜት ይባላል እንዴ?

ጅማ ውስጥ፣ በቾ ቦሬ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ሃያ አንድ ዓመት ሆነኝ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይላሉ፤ እኔም አልክድም። በዚሁ በእጄ ጦስ የትምህርት ቤቱ የዘላለም ጸሐፊ ሆኜ ቀረሁ። የመምህራን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እኔ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ እኔ፣ የአቋም መግለጫ እኔ። የሐዘን መግለጫም እጽፋለሁ። እሱን ግን ሟቹ ሳይሞት ጀምሬ አላውቅም፤ እስካሁን።

አንድ ኩራት አለችኝ፤ እኔ የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ ስርዝ ድልዝ የለበትም። ቢሮ የረገጠ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ሰነድ አይደለም፤ ሄዶ ሄዶ ይመለሳል። ታዲያ ንጹሕ ቃለ ጉባኤ ከየት ይገኛል? ሰው ሲናገር እየሰሙ ቢጽፉ አይገኝም። ሰው ይንተባተባል፣ ሐሳቡን ይቀይራል፣ አንዳንዱማ ጭራሽ እውነት ይናገራል። ስለዚህ እኔ አስቀድሜ ጽፌ እጨርሰዋለሁ። «ስብሰባው በተያዘለት ሰዓት ተጀመረ» ብዬ ስጽፍ ተሰብሳቢው ገና ቁርሱን አልበላም።

ያለፈው ምርጫ ሲቃረብ ነው ነገሩ የሆነው። መምህር በምርጫ ሰሞን ምን ያህል እንደሚፈለግ ታውቃላችሁ። ክፍሉ የምርጫ ጣቢያ ይሆናል፤ ጠረጴዛው ኮሮጆ ይቀመጥበታል፤ እሱ ራሱ አስፈጻሚ ሆኖ ጣት ቀለም ውስጥ ሲነክር ይውላል። ወንበሩ፣ እጁ፣ ጊዜው ሁሉ ይፈለጋል። የማይፈለገው አፉ ብቻ ነው።

እናም ርዕሰ መምህራችን አስጠሩኝና መምህራን ስለ ምርጫው ሊወያዩ ስለሆነ የአቋም መግለጫ አዘጋጅ አሉኝ። ርዕሰ መምህራችን ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ነገሩ በቀለለ። የሚፈሩ ሰው ናቸው። አራት ነጥብ ጽፌ ወሰድኩላቸው፤ ምርጫው ሰላማዊ እንዲሆን እንሠራለን፣ ዛፍ እንተክላለን፣ የመሳሰለው። አነበቡና ቅር አላቸው። ጎረቤት ያለው ትምህርት ቤት ሰባት ነጥብ አውጥቷል፣ እኛ በአራት ነጥብ ምን ፊት ይዘን እንቀርባለን አሉ። ሦስት ነጥብ ከየት ላምጣ? እዚያው ቆሜ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ሦስቱን ሞላሁ። አምስተኛው እንዲህ ይል ነበር፦ «በምርጫው ወቅት በክፍል ውስጥ ከመማሪያ መጽሐፉ ውጪ የሚንቀሳቀሱ ጥቂት መምህራንን በጽኑ እናወግዛለን።»

እነዚህ «ጥቂት» የሚባሉት እነማን ናቸው? ማንም አይደሉም! ጥቂቶቹ በየመግለጫው የሚወገዙ፣ ግን አንድም ቀን በአካል ታይተው የማይታወቁ ፍጡሮች ናቸው። ቁጥር ለመሙላት ይጠቅማሉ። እኔ ስጽፋቸው ክፋት በልቤ አልነበረም፤ ክፋት ቢኖርማ አስቤበት ነበር ማለት ነው። መግለጫው በአማርኛ ተነበበ፤ ማንም በቋንቋ ምክንያት ሳይወገዝ እንዳይቀር በአፋን ኦሮሞም ተነበበ። ተጨበጨበ። ሻይና ሳምቡሳ መጣ።

በሳምንቱ ጥቂቶቹ አድራሻ አወጡ። ጊንጆ ይኖራሉ፤ ስማቸው ጋሽ ነዚፍ ነው።

ጋሽ ነዚፍ የሥነ ዜጋ መምህር ናቸው። የጅማ ሰው፣ የጅማ ልጅ፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራቸው። እኔ ጀማሪ ሆኜ ስመጣ ጠመኔ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቀትር ላይ ግን እንዳትፈልጓቸው። ባለቤታቸው አደ ዘይነባ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ዐይናቸው ስለደከመ የመርፌውን ቁጥር ማየት አይችሉም። ጋሽ ነዚፍ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ደወሉ ሳያልቅ ወጥተው፣ ቁጥሩን አንብበው፣ መርፌውን ወግተው፣ ከሰዓት በኋላ ለሚጀምረው ክፍል ይደርሳሉ። ትምህርት ቤቱና ቤታቸው መቀራረቡ ለእሳቸው የሕይወት ጉዳይ ነበር።

አስራ አንደኛ ክፍል ውስጥ ትምህርቱ ስለ ምርጫ ነው። መጽሐፉ የተሸነፈ ወገን ሥልጣኑን በሰላም ያስረክባል ይላል። ሃያት የምትባል ልጅ እጇን አወጣችና፣ ቲቸር፣ እኛ አገር ተሸንፎ በሰላም ያስረከበ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሽ ነዚፍ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ጊዜው የምርጫ ሰሞን ነው፣ መምህር ወገን መያዝ የለበትም፣ እኔ አልመልስልሽም አሉ። ቢያበቁ መልካም ነበር። ግን መምህር ናቸውና ጥያቄ ሜዳ ላይ ወድቆ ሲቀር አላስቻላቸውም። ወላጆቻችሁን ጠይቁ፣ በዕድሜያቸው ያዩትን በደብተራችሁ ጽፋችሁ አምጡ፣ የቤት ሥራ ነው አሉ።

ይኸው ነው ወንጀሉ። ጥያቄው በባጃጅ ተሳፍሮ በየሰፈሩ ገባ። መንደራ ቆጪ ያለ አንድ የጀንፈል ቡና ነጋዴ «እኔ ያየሁት ተረካቢ ነው፤ አስረካቢ አላየሁም» ብሎ ለልጁ አስጻፈ። አንዲት እናት፣ አንተ ልጅ፣ ሒሳብ የሚባል ትምህርት የለህም ወይ ብለው ጮኹ። የሃያት አባት ግን ቀበሌ ነው የሚሠሩት። በማግስቱ በዝናብ፣ የልጃቸውን ደብተር በፌስታል ጠቅልለው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ደረሱ። መምህሩ ቤቴ ድረስ ገብቶ ቀሰቀሰብኝ አሉ። ደብተሩ ላይ ያለው ጥያቄው ብቻ ነበር፤ መልሱ ባዶ ነው። ባዶው ይበልጥ አስፈርቷቸው ነበር መሰለኝ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተጠራ። ሦስት ነን፤ ርዕሰ መምህሩ፣ እኔ፣ የወላጆች ተወካይ። የወላጆች ተወካዩ ማን ይሁኑ ትላላችሁ? የሃያት አባት! ከሳሽም ዳኛም አንድ ሰው ሲሆን ቢያንስ ወንበር ይቆጠባል። ርዕሰ መምህሩ ውሳኔውን አስቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ ጋሽ ነዚፍ ከአጋሮ ወዲያ፣ ከመኪና ወርደው ሁለት ሰዓት በእግር ወደሚኬድበት ትምህርት ቤት፣ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ይዛወራሉ። እኔም እንደ ልማዴ ቃለ ጉባኤውን ጽፌ ይዤ ገባሁ። የመጨረሻው መስመር «ሌላ የሚጨመር ሐሳብ ስላልቀረበ ስብሰባው በዚሁ ተጠናቀቀ» ይላል።

ግን እመኑኝ፣ ልናገር አስቤ ነበር። ያቺ ተራ ቁጥር አምስት የቁጥር ማሟያ ናት፣ የጻፍኳት እኔ ነኝ፣ ማንም አልተወያየባትም፣ በእሷ ሰው አይቀጣም ልል ነበር። ባጃጅ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ፤ ሾፌሩ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ።

ርዕሰ መምህሩ መግለጫውን አውጥተው ተራ ቁጥር አምስትን አነበቡና፣ «ጋሽ ነዚፍ፣ ይህንን ያውቁታል?» አሉ።

«አላውቀውም።»

«እንዴት አያውቁትም? ስብሰባው ላይ ነበሩ፤ የተገኙበት ፊርማ አለ። አጨብጭበዋል።»

«ዋላሂ፣ ያጨበጨብኩት ሳምቡሳው እንዳይቀዘቅዝ ነው» አሉ ጋሽ ነዚፍ። ማንም አልሳቀም። እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ተቀበሉና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። ማን እንደጻፈው ለማወቅ ሃያ አንድ ዓመት በቂ ነው። ቀና ብለው ግን አላዩኝም። «ማሻአላህ» አሉ፤ «ጽሑፉስ ያምራል።»

ከዚያ አንድ ነገር ለመኑ። ቀትር ላይ ዘይነባን መርፌ የሚወጋት የለም፣ ሁለቱን ዓመት እዚሁ ጽዳትም ሆነ ዘበኝነት ስጡኝና ልጨርስ አሉ። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማሩ ሰው! በማመልከቻ ያቅርቡ ተባሉ። ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሌላ የሚጨመር ሐሳብ አለ?» አሉ።

ወረቀቴን አየሁት። እንዴት ያለ ወረቀት መሰላችሁ! መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ፊደሉ እኩል፣ ነጥቡ በቦታው። አፌን ብከፍት የመጨረሻውን መስመር መሰረዝ ሊኖርብኝ ነው። ስርዝ ድልዝ ያለበት ቃለ ጉባኤ ደግሞ ተቀባይነት የለውም። ሳቁብኝ እንጂ እውነቴን ነው፤ በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት ይህንን ነው። ፍርሃት ሰበብ ሲፈልግ ይህን ያህል ንጹሕ ሰበብ ማግኘቱ ይገርመኛል።

«የለም» አልኩ።

ጋሽ ነዚፍ «ሃ ታኡ» ብለው ተነሡ። ይሁን ማለታቸው ነው። አበው ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ጎተራ ውስጥ እንጂ ሰው ውስጥ አስቀምጠው አላዩትም። ይነቅዛል፤ እኔ ምስክር ነኝ።

በማግስቱ ርክክብ ሆነ። የእሳቸውን ክፍለ ጊዜ እንድሸፍን የተመደብኩት እኔ ስለሆንኩ ተረካቢው እኔ ነኝ። በክፍሉ በር ላይ ቆመን አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ፤ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ፣ አንድ የስም መጥሪያ፣ የቁም ሳጥን ቁልፍ፣ ሰባት ጠመኔ፣ አንድ ዳስተር። ዳስተሩ በአንድ ጎኑ አልቋል፣ በዚህ በኩል ተጠቀም አሉኝ። ቅጹ ላይ ፈረሙ። አንድ ክፉ ቃል እንዲሰነዝሩብኝ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

እሳቸው ግን «የምለምንህ ነገር አለ» አሉ። «ቀትር ላይ ብቅ እያልክ የዘይነባን መርፌ ብትወጋልኝ። ጎረቤቶቹን ሞክሬያቸው ነበር፤ ይፈራሉ። አንተ እጅህ አይንቀጠቀጥም።»

እሺ አልኩ። እምቢ የሚባል ነው? አሁን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጊንጆ እሄዳለሁ። አደ ዘይነባ ክንዳቸውን ይሰጡኛል፤ ቁጥሩን አነባለሁ፤ እወጋለሁ። ነዚፍ እንዳንተ ያለ ወዳጅ ስላለው አልሃምዱሊላህ ይላሉ፣ ረቢ ይስጥህ ብለው ይመርቁኛል። ምርቃት እንደዚህ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

ማመልከቻቸውስ? መልስ መጣ። ቃለ ጉባኤው የተሟላ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበትና የተለየ ሐሳብ ያልተመዘገበበት ስለሆነ ውሳኔው ጸንቷል ይላል። ሥራዬ እንዲህ በጽሑፍ ሲመሰገን የመጀመሪያ ጊዜው ነው።

በመጨረሻ የዚያን የቤት ሥራ ደብተሮች ሰብስቤ ለቢሮ እንዳስረክብ ታዘዝኩ። ልጆቹ አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ብዙዎቹ ገጹን ቀደውታል። ሃያት ከሁሉም በኋላ መጣች፣ ከቢሮ የተመለሰላትን ደብተሯን አኖረች፣ ፊቴን ሳታይ ተመለሰች። ያ ባዶ የነበረው ቦታ ተሞልቷል።

«አባቴ አልመለሰልኝም» ይላል ጽሑፏ። «እናቴ አላውቅም አለች። እኔ ግን አንድ ሰው አይቻለሁ። ቲቸር ነዚፍ ሰባት ጠመኔና አንድ ዳስተር ቆጥረው በሰላም ሲያስረክቡ በመስኮት አይቻለሁ። ማን እንዳሸነፋቸው ግን አልገባኝም።»

ክፍሉ ያየኛል። ደብተሩ ወደ ቢሮ ይሄዳል፤ ከቢሮ ደግሞ ወደ አባቷ። ለልጅቷ ብዬ ነው አልኩ ለራሴ፤ ሰበብ መቼ አጥቼ አውቃለሁ? ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁና መልሷን ከዳር እስከ ዳር፣ አንድም ፊደል እንዳይነበብ አድርጌ ሰረዝኩት።

በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ስርዝ ነው። ጋሽ ነዚፍ እውነታቸውን ነው፤ እጄ አይንቀጠቀጥም።