ስድስት ሰዓት በሐበሻ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ፣ የጋሽ ይልቃል አሮጌ መኪና ቱታ ለብሳ እኔን ስትፈታኝ አየሁ። ጋሽ ይልቃል አማቴ ናቸው፤ ማለቴ፣ ዛሬ የምልካቸውን ሽማግሌዎች ተቀብለው ቤዛን ከሰጡኝ አማቴ ይሆናሉ። ሙያዬን አይተው ልባቸው እንዲራራ ብዬ፣ ትናንት የፒስተንና የቫልቭን ሰዓት የሚያስማማውን የሞተሩን ቺንጊያ ከስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ራሴ ቀየርኩላቸው። ቁልፉን ሳዞር ቋ አለና ጸጥ።

ጋራዡ ውስጥ በጀርባዬ ተንጋልያለሁ። መኪናዋ ደረቴን በመፍቻ ከፍታ በአንድ መብራቷ አጮልቃ ታየኛለች።

«ምንህን ነው የሚያምህ?»

«ቋ ቋ ይለኛል።»

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

«ከስድስት።»

«በሐበሻ ነው በፈረንጅ?»

ሳልመልስ ጋራዡ የጋሽ ይልቃል ሳሎን ሆነ። ሽማግሌዎቼ አራት ፒስተኖች ነበሩ፤ ጋቢያቸውን ደርበው ሶፋው ላይ ተደርድረዋል። የቤዛ አክስቶች ደግሞ ቫልቮች ነበሩ፤ ቀጫጭኖች፣ ባርኔጣቸው ሰፋፊ። ደንቡ፣ ሽማግሌ ሲነሳ አክስት ገለል ማለት ነው። ሰዓት ያዡ እኔ ነኝ። አጨበጨብኩ። ሽማግሌዎቹ ብድግ ሲሉ አክስቶቹ ጎንበስ አሉ፤ ሽማግሌዎቹ በቴስታ መቷቸው። አክስቶቹ እንደ ምስማር ተጣመሙ።

«ምነው ልጄ፣ ሰዓቱን አዛባኸው እኮ» አሉ አንዱ ፒስተን ግንባራቸውን እያሹ።

«ቪዲዮው ቺንጊያው የሚያዞራቸውን የሁለቱን ጥርሳም ጎማዎች ምልክት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አድርጉ ነው ያለው» አልኩ።

«ታዲያ?»

«ሰውየው ፈረንጅ ነዋ። ወደ እኛ ስመልሰው ስድስት ሰዓት መጣልኝ። ሁለቱንም ወደ ታች አዞርኳቸው።»

መኪናዋ በመስኮት አንገቷን አስገብታ ቤዛን «የተማረ ነው ያልሽን ይሄ ነው?» አለቻት።

«በማዕረግ ነው የተመረቀው» አለች ቤዛ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና።

ስልኬ ጮኾ ቀሰቀሰኝ። ራሷ ቤዛ ናት፤ ታንሾካሹካለች።

«ሽማግሌዎችህ በንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት መጥተው በር አንኳኩ።»

«እንዴ፣ እኔ እኮ ስድስት ሰዓት ብዬ ነው የጻፍኩላቸው።»

«የተማረ ልጅ ነው፣ በፈረንጅ ይሆናል ብለው ነዋ።»

«አባትሽስ ምን አሉ?»

«በፒጃማው ወጥቶ፣ ልጃችሁ የጠገናት መኪና ከተነሳች ልጄ የእናንተ ናት አላቸው። አሁን ጋቢያቸውን አጣፍተው ቁልቁል እየገፏት ነው።»

ከስልኩ ወዲያ የሽማግሌዎቹ «አይዞህ፣ በርታ» ይሰማኛል። ከዚያ ቋ። ቋ። ቋ።