ፈረስ ወዳዱና የሞንጎሊያው ቅጽ

ሰው አጥብቆ የሚወደውን ነገር ያውቀዋል ያለው ማነው? ኳስ በእግሩ ነክቶ የማያውቅ ጎረቤቴ አሠልጣኝ ሲያባርርና ሲቀጥር ይውላል። እኔም ከእሱ አልሻልም፤ ልዩነቱ እኔ የምወደው ፈረስ መሆኑ ብቻ ነው።

አሶሳ ተቀምጦ ፈረስ መውደድ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አካባቢያችን የገንዲ ዝንብ አለበት፤ ዝንቡ የነደፈው ፈረስ መድኃኒት ካላገኘ ከስቶ ከስቶ ይሞታል። ስለዚህ በየመንገዱ የምታዩት አህያና ባጃጅ ነው። የእንስሳት ሐኪም ብሆንም ዕድሜዬን የገፋሁት በሬና ፍየል መርፌ ስወጋ ነው። የፈረሱን ፍቅር ያወረሱኝ አባቴ ናቸው። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ አንድ ዳማ ፈረስ ትተው ነው የመጡት። ስለ ዳማው ሲያወሩልኝ እሳቸው ጀርባው ላይ ሆነው ገደሉን ሲዘሉ ፊት ለፊቴ ይታየኝ ነበር።

ባለፈው ወር ታዲያ ከሞንጎሊያ ጥሪ ደረሰኝ፤ የፈረስ ሕክምና ሥልጠና። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ሰላም አጣች። ሻንጣዬን አስራለሁ፣ እፈታለሁ፣ መልሼ አስራለሁ። ከሰው የተዋስኩትን ወፍራም ካፖርት በአሶሳ ሙቀት ለብሼ ሳሎን ውስጥ ስንጎራደድ፣ «ሳትሄድ ተቀቅለህ ልታልቅ ነው» ትለኛለች።

ችግሩ ከጥሪው ጋር የመጣው ቅጽ ነበር። ሥልጠናው የሚሰጠው ገጠር ባሉ ፈረስ አርቢዎች ዘንድ ነው፤ እዚያ የሚደረሰው ደግሞ በፈረስ ነውና «የግልቢያ ችሎታዎ?» ይላል፤ ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ የላቀ። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጡ ነበር? እኔ «የላቀ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

በሕይወቴ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም።

ምስጢሩን ለአብዱልቃድር ብቻ ነገርኩት። አብዱልቃድር የበርታ ተወላጅ የሆነ የማንጎ ነጋዴ ወዳጄ ነው። ባምባሲ እህቱ ዘንድ አንድ ፈረስ አለው፤ የገንዲውን መድኃኒት የምወጋለት እኔ ነኝ።

«ወላሂ ችግር አለ» አለኝ። «አንተ ፈረስ በጣም ትወዳለህ። ፈረሱ ግን አንተን በመርፌ ነው የሚያውቀው።»

ቅዳሜ ባምባሲ ሄድን። ፈረሱ ገና ከሩቅ ሲያየኝ መርፌው ትዝ ብሎት ነው መሰለኝ ወደ ኋላ ሸሸ። በሦስተኛው ሙከራ ወጣሁ። ልጓሙን ጨምድጄ ይዣለሁ።

«ለቀቅ አድርግ» አለኝ አብዱልቃድር። «አንተ ስትፈራ እሱም ይፈራል።»

ለቀቅ አደረግሁ። ፈረሱ ረጋ ብሎ መራመድ ጀመረ። አጥሩን፣ ጎጆውን፣ የአብዱልቃድርን ቆብ ከላይ ወደ ታች አየሁ። ደረቴ ተነፋ፣ ጀርባዬ ቀና አለ፤ ሞንጎሊያ ቅርብ ሆነችብኝ። ይሄኔ ፈረሱ ዝቅ ባለ የማንጎ ቅርንጫፍ ሥር አለፈ። እሱ አለፈ፤ እኔ ቅርንጫፉ ጋ ቀረሁ።

አብዱልቃድር ሮጦ አነሳኝና «አልሐምዱሊላህ፣ ወገብህ ደህና ነው» አለኝ። ከዚያ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

እሑድ ለመሰናበት አባቴ ወዳሉበት የሰፈራ መንደር ሄድኩ። እያነከስኩ ስገባ «ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቅጹንም ሳይቀር። የቅባቱን ብልቃጥ አንስተው አጠገቤ ተቀመጡ። ተግሣጽ መጠበቅ ጀመርኩ።

«ዳማው የእኔ አልነበረም» አሉ። «የአጎቴ ነበር። እኔ ሣር አጭጄለት ውኃ አጠጣው ነበር። አንድ ቀን እወጣበታለሁ እያልኩ ሳልደፍር ሰፈራው መጣና በዚያው ቀረ።»

«ገደሉን የዘለሉትስ?»

«አጎቴ ነው የዘለለው። እኔ ከታች ሆኜ አይቻለሁ።»

ልቆጣም ልስቅም ቃጣኝ። አባቴ ግን እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው በቅባት ማሸት ጀምረው ነበር።

«አንተ ከእኔ ትሻላለህ» አሉ። «ቢያንስ ወጥተህ ወድቀሃል።»

እዚያው እንደተቀመጥኩ ስልኬን አውጥቼ ለሞንጎሊያውያኑ ጻፍኩ፤ «የላቀ ያልኩት ስህተት ነው፤ ጀማሪ በሉልኝ» ብዬ። አባቴ ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

«ለጀማሪም ፈረስ ይሰጣሉ?»

«ይሰጣሉ መሰለኝ።»

«እንግዲያው ገራሙን ስጡኝ በላቸው» አሉ እግሬን እያሹ። «አባቴ ነው ያለው በል።»