ቁጥር የሚጻፍበት ፓምፕ

ነፋስ እግዜር በነጻ ከሰጠን ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። እንጅባራን ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ክረምት ከበጋ ያለማንም ፈቃድ ይነፍሳል፣ ጋቢ ይገልባል፣ የሱቅ ታፔላ ያንኳኳል። ችግር የሚመጣው ይህንኑ ነፋስ የሞተር ሳይክል ጎማ ውስጥ እናስገባው ያላችሁ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ነፋስ አጀንዳ ይሆናል፣ በጀት ይሆናል፣ ቃለ ጉባኤ ይሆናል። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝና የምነግራችሁን እመኑኝ።

ያኔ፣ ያለ ኮሚቴ እስክሪብቶ እንኳ በማይገዛበት ዘመን፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበርኩ። ገበሬው “ዶክተር” ይለኛል። አልነበርኩም፤ ግን አላረምኩትም። ለሥራዬ አንድ ሞተር ሳይክል ተሰጥቶኛል፤ የገጠሩ መንገድ ደግሞ እሾህና የወደቀ ሚስማር አያጣም። ጎማ በተነፈሰ ቁጥር ሞተሩን እየገፋሁ ከተማ መግባት ሲመረኝ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ጠየቅኩ፦ ሞተሩ ላይ የሚጫን ጎማ መንፊያ ፓምፕ፣ ከእሱም ጋር ቀዳዳ መድፈኛ ማስቲሽና ቁራጭ ላስቲክ። ይህን ለመግዛት አንድ ሰው፣ አንድ ሱቅና አንድ ሩብ ሰዓት ይበቃ ነበር።

ሦስት ሳምንት ፈጀ።

“ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ” ይላሉ አበው። አበው እኛ ቢሮ ስብሰባ ገብተው አያውቁም። ጥያቄዬ የተመራለት የግዢ ኮሚቴ ሰብሳቢ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ በዕድሜያቸው ሞተር ላይ የወጡት አንድ ቀን ነው፣ እሱም ለፎቶ፣ ሞተሩ ቆሞ ሳለ። ሁለተኛው የዕቅድ ባለሙያው ሲሆን ባጃጅ ውስጥ እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሄድ ሰው ነው። ሦስተኛው እኔ፣ ጸሐፊው። ከሦስታችን ሞተር የምነዳ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሁለቱ ስለ ሞተር ያስረዱኝ ጀመር። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው።

ከእንጅባራና ከዳንግላ ሱቆች ሦስት ዓይነት ፓምፕ ለናሙና መጣ። አንዷ የእጅ ናት፤ ክንድ የማታህል ቀጭን ቱቦ፣ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ፣ ለሞተር የተፈጠረች። እኔ የፈለግኩት እሷን ነበር። ሁለተኛው የሞተሩ ባትሪ ላይ እየተሰካ ራሱ እያጓራ የሚነፋ ነው። ሦስተኛው በእግር የሚረገጥ ብረት፣ ክብደቱ ጠቦት የሚያህል። የባትሪው ወዲያው ወደቀ። የዕቅድ ባለሙያው “ባትሪው የተገዛው ለሞተሩ ነው፤ ለሌላ ዓላማ ሊውል አይችልም” አለ። ታዲያ የሚነፋው ጎማ የማን ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። የእጇ የወደቀችበትን ምክንያት ብነግራችሁ ደግሞ የፈጠርኩት ይመስላችኋል። ሰብሳቢው አገላብጠው አዩዋትና “የንብረት ቁጥሩ የቱ ላይ ይጻፋል?” አሉ። እውነትም የእኛ የንብረት ቁጥር ከነሰረዙ እንደ ዘር ሐረግ ይረዝማል፤ እዚያች ቀጭን ገላ ላይ አይገባም። የእግሩ ግን ሰፊ ብረት አለው። በቀይ ቀለም፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል ይጻፍበታል። በሙሉ ድምፅ ተመረጠ።

ማስቲሹስ? ትላላችሁ። እኔም ብዬ ነበር። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው እንደ ሕፃን ቆጥረው አስረዱኝ፦ ፓምፕ ቋሚ ዕቃ ነው፣ ማስቲሽ አላቂ ዕቃ ነው፣ ይህ ኮሚቴ የተቋቋመው ለቋሚ ዕቃ ነው፣ አላቂው በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል። “የሚቃወም አለ?” አሉ። ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ርቦኛል፣ የደረጃ ዕድገቴ ማመልከቻም እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው። “የሚደግፍ?” ሲሉ እጄን አወጣሁ። ማንም አልጎተተኝም፤ ራሴ ነኝ ያወጣሁት።

በሰኔ ወር፣ አንድ ቀን ማለዳ፣ አያ ስንሻው የሚባሉ የዘንገና አካባቢ ገበሬ በፈረስ ቢሮ ድረስ መጡ። ላማቸው ጎሕ ሳይቀድ ምጥ ይዟታል፤ ጥጃው ተሰንቅሮ አልወጣ ብሏል። ሌላ ላም የላቸውም። “ዶክተር፣ ከኋላዬ ይፈናጠጡ፤ ፈረሱ ሁለታችንንም ይችላል” አሉኝ። ሳቅኩ። በሞተር ዘመን ፈረስ! “እርስዎ ይከተሉኝ፣ እኔ ቀድሜ እደርሳለሁ” አልኳቸው። እሳቸውን በሞተር እንዳልወስድ የኋላው ወንበር ተይዟል፤ ፓምፑ በገመድ ተጠፍሮ እንደ ትልቅ ሰው ተቀምጦበታል።

ግማሽ መንገድ ላይ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ፓምፑ ሥራ ሊያገኝ ነው። አወረድኩት፣ ሰካሁት፣ ረገጥኩት። እንዴት ያለ ፓምፕ መሰላችሁ! ጎማው ወዲያው ደረቱን ነፋ። እግሬን ሳነሳ ያስገባሁት ሁሉ በቀዳዳው እየጮኸ ወጣ። እንደገና ነፋሁና ዘልዬ ተቀመጥኩ፤ መቶ እርምጃ ሳልሄድ የጎማው ብረት መሬት ነካ። ወርጄ እንደገና ረገጥኩ።

አያ ስንሻው ደረሱብኝ። ፈረሱን አቁመው “ይውጡ እንሂድ” አሉ። የሕክምና ቦርሳዬን ይዤ መውጣት ነበረብኝ። ግን ያን ቀይ ቁጥር አየሁት። የተረከብኩት በፊርማዬ ነው፤ ሜዳ ላይ ጥዬው ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። “ይቅደሙ፣ አሁን እደርሳለሁ” አልኳቸው። ዓይን ዓይኔን አይተው ሄዱ። እኔም መርገጤን ቀጠልኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ፈረሱን በላብ አጥምቀው ተመለሱ። እኔ ያለሁት እዚያው ነው ማለት ይቻላል።

“ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ነው እንዴ የሚነፉት?” አሉኝ።

“መድፈኛው አልተፈቀደም፣ አያ ስንሻው።”

“ማን ነው የከለከለ?”

“ኮሚቴው።”

“ኮሚቴው ሞተር የሚያውቅ ሰው የለበትም?”

ሞተሩንም ፓምፑንም መንገድ ዳር ካለ ቤት አስጠግቼ ፈረሱ ላይ ወጣሁ።

የጥጃዋ አንድ የፊት እግር ወደ ኋላ ታጥፎ ኖሯል። አቃንቼ ሳወጣት ሞታለች፤ ገላዋ ገና አልቀዘቀዘም። እናቲቱ ተረፈች። ቀደም ብዬ ብደርስ ጥጃዋም ትተርፍ እንደነበር አያ ስንሻው አልነገሩኝም፤ ሙያዬ ነውና እኔው አውቀዋለሁ። እጄን ያስታጠቡኝ እሳቸው ናቸው። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም።

በሳምንቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ፓምፑን አስመጥተው መረመሩ፤ ቀለሙ እንኳ አልተላጠም። ስለ ጥጃ የሚሞላ ቦታ የንብረት ምርመራ ቅጹ ላይ የለም። “ንብረቱ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል” ብዬ ጻፍኩ፤ ውሸት አይደለም።

በገበያ ቀን አያ ስንሻው ቢሮ ብቅ አሉ። ሊከሱኝ መስሎኝ ተነሣሁ። ከጋቢያቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። አንድ ማስቲሽና ቁራጭ ላስቲክ ነው።

“ኧረ ምነው አያ ስንሻው! ይህን ማቅረብ ያለብን እኮ እኛ ነን” አልኩ።

“ይሁን፣ ዶክተር” አሉኝ። “የጎረቤቴ ላም ነሐሴ ላይ ትወልዳለች።”